የዕድሩ ድንኳን መተሃራ የሄደ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት በምሠራባት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ቁጭ ብዬ የአንድ ሰውዬ ይግባኝ እየጻፍኩ፣ ባልደረባዬ ቤቲ ስልኳን አፍንጫዬ ስር ደቀነችው። የካምፒንግ ማስታወቂያ ነው። ቢጫ ድንኳን፣ ሐይቅ፣ እሳት ከበው የሚስቁ ወጣቶች። «ትራንስፖርት፣ ድንኳን፣ ሦስት ጊዜ ምግብና ፎቶ አንሺ ተካቷል» ይላል። ዋጋው የደመወዜን ግማሽ ይውጣል። «ነይ እንሂድ በናትሽ! አንቺ'ኮ ከልደታ ወጥተሽ አታውቂም» አለችኝ። ቤቲ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እኔ ሠላሳ ሁለት ሞልቶኛል። «እኔ ካምፒንግ የወጣሁት አንቺ ገና ፊደል ስትቆጥሪ ነው» አልኳት። «አሪፍ ቀልድ» ብላ ሳቀችና ስልኳን ይዛ ሄደች። በማግስቱ በዝናብ ወደ ሥራ ስመጣ፣ ልደታ ማርያም አጠገብ ሰዎች የረጠበ የሸራ ድንኳን እያራገፉ ሲያጥፉ ደረስኩ። ያ ሽታ! ሻጋታ፣ ጭስና አሮጌ ገመድ አንድ ላይ ሲረጥቡ የሚሸቱት። ታክሲ እየጮኸብኝ መሀል መንገድ ላይ ቆምኩ። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ከዚህ ሽታ ስሸሽ ኖሬያለሁ፤ እሱ ግን አድራሻዬን ያውቃል።

ያኔ ቤታችን ከልደታ ወደ ሰንጋ ተራ በሚወስደው ቁልቁለት፣ አሁን መስታወት የለበሰው ሕንፃ ምድር ቤቱ ውስጥ መኪና በሚያቆምበት ቦታ ላይ ነበረ። እየቀለድኩ አይደለም፤ እኔ ያደግኩባት ክፍል ዛሬ የሰው መኪና ያድርባታል። መንደራችን ጠባብ ነበረች፤ ከመጠበቧ የተነሳ የአንዱ ቤት ሽንኩርት ሲቁላላ ሌላው ቤት ያስነጥሳል። ሳምቡሳ ሃምሳ ሳንቲም ነበረች፣ ያውም ምስሩ ሞልቶ። ለስላሳ የሚጠጣው እንግዳ ሲመጣ ነው፤ እኛ ጠርሙሱን ለመመለስ ስንላክ ሥሩ የቀረችውን እንጨልጥ ነበር። እኔና ጓደኞቼ ከወገብ የወረደ ጂንስ በሰፊ ቀበቶ መልበስ የሥልጣኔ መጨረሻ ይመስለን ነበር፤ እማዬ ደግሞ «ሱሪሽ እየወደቀ ነው፤ ሰው እየሳቀብሽ ነው» እያለች እስከ በር ታሳድደኛለች። ካሴት እየሞተ ሲዲ የሚወለድበት ዘመን ነው። ማዕዘኑ ላይ የነበረው ካሴት ቤት ጠዋት መንዙማ፣ ከሰዓት ዘፈን፣ ቅዳሜ ማታ ደግሞ መዝሙር ይከፍት ነበር፤ ማንም ደንበኛ እንዳይቀየመው። አሁን እዚያ ማዕዘን ላይ ባንክ አለ። በሩ ላይ ጠባቂ ቆሞ ቦርሳ ይፈትሻል፤ ሙዚቃ የለም።

አባቴ ሰይድ ባትላሜራ ነበር። የተጨረመተ ቆርቆሮ እንደ ልብስ ተኩሶ ያስተካክላል። ከወሎ በልጅነቱ መጥቶ ጋራዥ ለጋራዥ ሲንከራተት ያደገ ሰው ነው። አንድ ጊዜ፣ መኪናቸው ውስጥ እየኖሩ አገር የሚዞሩ ፈረንጅ ባልና ሚስት ለጥገና መጡ። አልጋ፣ ምድጃ፣ መጋረጃ፣ ሁሉም እመኪናው ውስጥ። አባዬ በዚያ ቀን ቤት ሲመጣ ፊቱ ሌላ ሰው ሆኗል። ከዚያ በኋላ አንድ የሞተ ሚኒባስ ገዝቶ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ መልስ ይቀጠቅጠው ጀመር። ወንበሩን ነቅሎ የሚታጠፍ የብረት አልጋ በየደ፤ የውሃ በርሜል አስገባ፤ ለቡታጋዙ ማስቀመጫ ሠራ። እማዬ መጋረጃ እንድትሰፋለት ሲለምናት «ይቺን መኪና መቼ ነው ያገባሃት? ሰርጉ ላይ አልነበርኩም» ትለዋለች፤ ግን ሰፋችለት። ሰፈሩ «የኖኅ መርከብ» አላት። ሰፈሩ ይፈርሳል የሚል ወሬ በየዓመቱ ይመጣና ይሄድ ነበርና፣ አባዬ መዶሻውን እንደያዘ «ሳቁ! ሁላችሁም ቤት ስትፈልጉ የኔ ቤት ጎማ አላት» ይላቸዋል።

ሌላም ሥራ ነበረው፤ ደመወዝ የሌለው፣ ግን ከሁሉ የሚኮራበት። የዕድራችን ንብረት ያዥ ነበር። ድስቱ፣ አግዳሚው፣ ትሪው፣ ከሁሉም በላይ ትልቁ ድንኳን፣ ሁሉም በሱ እጅ ነው። ዕድራችን የተቀላቀለ ነው፤ ክርስቲያን ሲሞት ሙስሊሙ ድንኳን ይተክላል፣ ሙስሊም ሲሞት ክርስቲያኑ ውሃ ይቀዳል። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ቤታችን ግድግዳ ላይ፣ ከቁርአኑ ዝቅ ብሎ፣ ከኔ የትምህርት ቤት ቦርሳ ከፍ ብሎ ተንጠልጥሎ ይኖራል። ያንን ቁልፍ ማንም አይነካም። እኔ አንድ ጊዜ ነክቼ በጥፊ ተመትቻለሁ፤ አባዬ በሕይወቱ የመታኝ ያኔ ብቻ ነው።

እንግዲህ መርከቧ ተጠናቀቀች። ሰኔ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ጨርሼ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። አባዬ «ቅዳሜ እንወጣለን! መተሃራ ወርደን ሜዳ ላይ አድረን እንመጣለን» ብሎ አወጀ። ዐርብ ማታ ራት ላይ ስንነጋገር ነው እኔ ያን አፌን የከፈትኩት። በመኪናዋ ውስጥ ያለችው አልጋ ለሁለት ሰው ናት።

«እኔ ከናንተ ጋር አልተኛም» አልኩ።

«የት ልትተኚ ነው? ጣሪያዋ ላይ?» አለ አባዬ።

«ድንኳን ውስጥ። ሰው'ኮ ካምፕ ሲወጣ በድንኳን ነው የሚያድረው።»

«ድንኳን ደግሞ ከየት ይምጣ፣ ሰሚራ?»

በአገጬ ግድግዳው ላይ ያለውን ቁልፍ አሳየሁት።

እማዬ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ያዢ! ያ የለቅሶ ነው።» ከዚያ ወደሱ ዞረች። «አስካለ ከዚህ ግድግዳ ወዲያ እያቃሰተች አንተም ይቺን ልጅ ዝም ትላታለህ?»

እትዬ አስካለ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ነች። ባሏ ቀድሟት ሞቷል፤ ልጅ የላትም፤ ጸጉሬን ከአራት ዓመቴ ጀምሮ የሠራችኝ እሷ ነች። እማዬ ጸጉር መሥራት አትችልም ነበር። እትዬ አስካለ በጉልበቷ መሀል ቀፍድዳ ይዛኝ «ካለቀስሽ አጣምሜ ነው የምሠራሽ!» እያለች ስታስፈራራኝ ነው ያደግኩት። ስኳር ይዟት ሦስት ወር ተኝታለች። ሦስት ወር ረጅም ነው። መጀመሪያ ሰፈሩ ሁሉ በእግር ጣቱ ይራመድ ነበር፤ በኋላ ሕመሟንም ለመድነው። ነውር ነው ግን እውነት ነው፤ ሰው ሊሞት ሲዘገይ ጎረቤት ወደ ሥራው ይመለሳል።

አባዬ «ሦስት ወሯ ነው እኮ። ነገ ትሞታለች ያለሽ ማነው? አላህ ያሽራት እንጂ» አለ።

«ሰይድ፣ ቁልፉ አደራ ነው።»

አባዬ እኔን አየኝ። እኔ ደግሞ እንዴት እንደማየው አውቅ ነበር፤ አንድያ ልጁ ነኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን መኪና ሲሠራ ፋኖስ ይዤ አብርቼለታለሁ። «አንድ አዳር ናት» አለ በመጨረሻ። «እሁድ ከዙሁር ሶላት በፊት ቦታዋ ትመለሳለች። ማንም አያውቅም።» እማዬ ሳህኑን አነሳች። ሲነጋጋ፣ ሰፈሩ ሳይነቃ፣ አባትና ልጅ ተጋግዘን ሸራውን ተሸክመን ጣሪያው ላይ አሰርነው። ቋሚዎቹን አልወሰድንም፤ ብዙ ናቸው። በሸራው ላይ የዕድሩ ስም በትልልቅ ነጭ ፊደል ተጽፏል። አባዬ ስሙ ወደ ውስጥ እንዲሆን አጠፈው።

አሁን የሚቀጥለውን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም ያ ቀን በሕይወቴ ከሁሉም ያማረው ቀን ነው። ጥፋት ሁሉ መራራ ሆኖ ቢጀምር ማን ያጠፋ ነበር? ቃሊቲን ስናልፍ አባዬ ካሴቱን ከፈተው፤ ሞጆ ፉል በላን፤ ናዝሬት ላይ ፓፓያ ገዝተን እማዬ በጉልበቷ ላይ እየቆረጠች አጎረሰችን፤ ወለንጪቲን አልፈን ሙቀቱ በመስኮት ሲገባ ሹራባችንን አወለቅን። ዳገት ላይ መኪናዋ እንደ አህያ ስትቆም አባዬ በመሪው አናት ላይ እየመታ «በይ እንጂ የኔ እመቤት!» ይላታል፤ እማዬ «እኔን አንድ ቀን እመቤት ብለኸኝ አታውቅም» ትላለች። መተሃራ ስንደርስ ያ የተቃጠለ ጥቁር ድንጋይ በሁለቱም በኩል ተዘረጋ። ከአስፋልቱ ወጥተን በመንጋ ዱካ ትንሽ ገባንና አንድ ሰፊ ግራር ስር ቆምን። ሰው የለም። ቤት የለም። ልደታ ውስጥ ለተወለደ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አልችልም፤ ጎረቤት ሳይሰማሽ ማሳል የምትችይበት ቦታ ማለት ነው።

እማዬ ከመኪናዋ ወርዳ ዙሪያዋን አየች። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ሻሿን ፈታችው። እናቴን ከቤት ውጭ በባዶ ራሷ ያየሁት በዚያ ቀን ብቻ ነው። ነፋሱ ጸጉሯን አነሳው፤ እሷም ተወችው። አባዬ ቡታጋዙን ሊለኩስ ጎንበስ ብሎ ነበር፤ ክብሪቱ ጣቱን እስኪያቃጥለው ድረስ እሷን ያያል። «ምን ታያለህ፣ አንተ ሰውዬ?» አለችው። «ምንም፤ ጸጉር እንዳለሽ ረስቼ ነበር» አላት። ድንጋይ ወረወረችበት። ሳቁ። ዛሬ በዚያ ሁሉ ዋጋ ቤቲ የምትገዛው ይሄንን ከሆነ አልፈርድባትም።

ድንኳኑን ግን ስንተክለው ጉድ ሆነ። ሃምሳ ሰው የሚይዝ የለቅሶ ድንኳን ለሦስት ሰው ያለ ቋሚ እንዴት ይተከላል? አንዱን ጫፍ ከመኪናዋ ጣሪያ፣ ሌላውን ከግራሩ ቅርንጫፍ፣ የቀረውን በድንጋይ። እንደ ታመመ ዝሆን ተኝቶ ቀረ። ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል አንድ ግመል የሚነዳ ሽማግሌ በዚያ በኩል አለፈ። ቆመ። ሸራውን አየ፣ ነጩን ጽሑፍ አየ፣ እኛን አየ። በትሩን ወደ ጎን አድርጎ ወደኛ መጣና ለአባዬ እጁን ዘረጋ።

«ማን ሞተባችሁ?» አለ።

«ማንም አልሞተም፣ አባት» አለ አባዬ እየሳቀ። «ልንዝናና ነው።»

ሽማግሌው አልሳቀም። «ከተማ ሄጄ አይቻለሁ። ይሄ የሐዘን ነው። ሰው ሳይሞት ምን ብላችሁ ተከላችሁት?»

አባዬ ዳቦና ሻይ ሰጠው፤ ሽማግሌው ቆሞ ጠጣና መርቆን ግመሎቹን ተከትሎ ሄደ። እማዬ ሻሿን መልሳ አሰረች። ስልክ ልትሞክር ተነሳች፤ ኔትወርክ የለም። አባዬ «ነገ በጠዋት እንነሳለን» አላት፤ እሷም «አሁን ተነስ» አላለችውም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጫታል። እኔ? እኔ በዚያ ትልቅ ሸራ ስር ብቻዬን ተኝቼ ስለ ራሴ ሳስብ እንቅልፍ ወሰደኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቱን ልጻፍ ካልኩ ይኸው።

እሁድ ወደ ከተማ ስንገባ ዝናብ ያካፋል። አባዬ ካሴቱን ከፍ አድርጎ የመኪናዋን ጥሩንባ እየነፋ ወደ ሰፈራችን ቁልቁለት ታጠፈ፤ መርከቧ ሄዳ መመለሷን ለሚስቁት ሁሉ ሊያሳይ። እኛ ስንታጠፍ ሕዝቡ ከልደታ ማርያም ከቀብር ሲመለስ ተገጣጠምን። ነጠላ ያዘቀዘቀ፣ ጥቁር የለበሰ፣ ከራሱ እስከ እግሩ የረጠበ ሕዝብ። አባዬ ካሴቱን ለማጥፋት ሲዳብስ ማጥፊያውን አጣው፤ ዘፈኑ እየዘፈነ በሕዝቡ መሀል አለፍን። የጣሪያችን ጭነት ጠዋት በጥድፊያ ስናስረው ተገልብጦ ኖሮ፣ የዕድሩ ስም ወደ ውጭ ነበር።

እትዬ አስካለ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው የሞተችው። የዕድሩ ጥሩንባ ተነፍቶ ሰው ዕቃ ቤቱ በር ላይ ሲሰበሰብ ቁልፍ የለም፣ ሰይድ የለም። ሲመሽ የበሩን ጓጉንቸር ሰበሩት። ቋሚዎቹ ተደርድረው፣ ድስቱ ተደርድሮ፣ ድንኳኑ የለም። የሰኔ ዝናብ ወረደ። ልጅ የሌላት ሴት ናት፤ ቤቷ አራት ሰው አይይዝም፤ የሚያለቅሱላት ጎረቤቶቿ ብቻ ነበሩ፤ እነሱም በየጣሪያው ጥግ ተጠግተው ዝናብ ላይ አደሩ። ሬሳዋን የሚጠብቁት ሴቶች የማዳበሪያ ጆንያ ተከናንበው ነበር አሉ። ይህን የነገረችን ጎረቤት እማዬን እያየች ሳይሆን መሬቱን እያየች ነው የነገረችን።

በሚቀጥለው እሁድ ዕድሩ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ጋሽ ወርቁ፣ ዕድሜውን በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የጨረሰ ጡረተኛ ነው፤ ሲናገር እንደ ዳኛ ነው። እኔ ከግቢው አጥር ውጭ ከሰፈር ልጆች ጋር ቆሜ በቆርቆሮው ቀዳዳ አያለሁ።

«ሰይድ፣ ተከሳሽ አይደለህም፤ ጎረቤታችን ነህ» አለ ጋሽ ወርቁ። «ድንኳኑ የት አደረ?»

«መተሃራ፣ ጋሼ።»

«በምን ጉዳይ?»

«ቤተሰቤን ላዝናና ወጥቼ። ተኛንበት።»

ሰው ሳቀ። ለቅሶው ያልወጣለት ሰው የሚስቀው ሳቅ ነው። ከኋላ አንዱ «በለቅሶ ድንኳን በሕይወቱ የሚተኛ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ነገሩ ይሸታል፣ ወንድሜ!» አለ። ሌላው «ናዝሬት ቅዳሜ ሰርጉ ብዙ ነው፤ አከራይቶታል በሉና እንሂድ» አለ። አባዬ ወደ ድምፁ ዞረ።

ጋሽ ወርቁ እጁን አነሳ። «ሰይድ፣ እኔ ላምንህ እፈልጋለሁ። ሃምሳ ሰው የሚይዝ ድንኳን ለሦስት ሰው፣ ይሄን ማን አሰበው?»

አባዬ ወደ አጥሩ አየ። በዚያ ቀዳዳ እኔን እንዳየኝ እርግጠኛ ነኝ፤ ያቺን ሰፊ ቀበቶዬን ሳያውቃት አይቀርም። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው። «ልጄ ለምናኝ ነው» ቢል፣ ያ ሁሉ ሰው ልጅ አለው፤ ይሰድበው ይሆናል እንጂ ሌባ አይለውም ነበር። እሱ ግን የሟች ጉዳይ ላይ የሴት ልጁን ስም ማንሳት አልፈለገም። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለና ቁልፉን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እኔስ? ገብቼ መናገር እችል ነበር። ጎኔ ላይ የክፍሌ ልጆች ቆመዋል፤ አንደኛው «አባትሽ ድንኳን ነጋዴ ሆነ እንዴ?» አለኝ። ሳቅኩለት። ልጅ ስለነበርኩ ነው እያልኩ ራሴን ለማታለል ሞክሬያለሁ፤ በዐሥራ አምስት ዓመቱ ሰው አፍ አውጥቷል። ዐርብ ዕለት ለድንኳን የከፈትኩት አፍ እሁድ ለአባቴ አልተከፈተም።

ከዕድሩ አላባረሩትም። ቢያባርሩት ይሻል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥሩንባ በተነፋ ቁጥር ቀድሞ የሚደርሰው አባዬ ነው፤ አግዳሚ ይሸከማል፣ ቋሚ ይተክላል፣ ማንም ሳያዘው። ሲቀመጥ ግን አጠገቡ ያለው ቦታ ባዶ ነው። መኪናዋን ሸጣት፤ የገዛት ሰውዬ ጎማዋን አውልቆ ድንች የሚጠበስባት ሱቅ አደረጋት። አባዬ ያንን መንገድ ላለማየት በሰንጋ ተራ ዞሮ ወደ ሥራ ይሄድ ነበር። ከዚያ ወሬው እውነት ሆነና ሰፈሩ ፈረሰ። አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ ተበተነ፤ ዕድሩም አብሮ ፈረሰ፤ ድንኳኑ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። እኛ ከከተማው ዳር የኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደረሰን። እኔ ከዚያ በሁለት ታክሲ እየተመላለስኩ ልደታ ነው የምሠራው፤ ሌላ ቦታ ሥራ አላጣሁም፤ መራቅ ነው ያቃተኝ።

አባዬ ካቻምና ሞተ። እማዬ «ድንኳን የሚባል ነገር እንዳይተከል» አለች፤ የሕንፃው ነዋሪዎች ግራ ገባቸው፤ ሰው በደረጃው ላይ ተደርድሮ ተቀመጠ። በሁለተኛው ቀን ከቀድሞው ሰፈር አንድ ሰው ብቻ መጣ። ጋሽ ወርቁ፣ ሰማንያን የተሻገረ፣ በከዘራ አራት ፎቅ ወጥቶ። ትንፋሹ እስኪመለስ ጠብቄ ሻይ ሰጠሁት። ከጎኑ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

«ልጄ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አሁን ሁሉም አልፏል። እኔም መሄጃዬ ነው። ያን ጊዜ ድንኳኑን በእውነት ያከራየው ለማን ነበር?»

«አላከራየም፣ ጋሼ። እኔ ነኝ የለመንኩት። ለብቻዬ መተኛት ፈልጌ። እማዬ ከልክላው ነበር፤ እኔ አስለወጥኩት። እኔ ነኝ የተኛሁበት።»

ሁሉንም ነገርኩት። ግራሩን፣ ሽማግሌውን፣ ያጠፍነውን ስም፣ አጥሩን። ዐሥራ አምስት ዓመት አፌ ውስጥ የኖረ ነገር ስለሆነ ሳልቆም ነው የተናገርኩት። እሱ ጨዋ ሰው ነው፤ አላቋረጠኝም። ስጨርስ የሸበሸበ እጁን እጄ ላይ አሳረፈ።

«ጎበዝ ልጅ ነሽ» አለኝ። «ልጅ ለአባቷ እንዲህ ነው መቆም ያለባት። እኔም ብሆን እንዲህ የምትልልኝ ሴት ልጅ በኖረችኝ። በቃ፣ ተይው፤ ሙት ወቃሽ አንሁን።»

ዓይኑን አየሁት። አንዲትም ቃል አላመነኝም።

«ሻይ ልጨምርልዎት፣ ጋሼ?» አልኩት።